አስፋልት ላይ ያልተለመደ ነገር ሲፈስ፦ ውሃ መጨረሻ ነው እንጂ መጀመሪያ አይደለም

ጥያቄ፦ «በአይሱዙ እህልና ሸቀጥ እጭናለሁ። በቅርቡ ከመተሐራ ወደ አዳማ ስመጣ ከቦቴ ሞላሰስ የፈሰሰበት ቦታ ደረስኩ። የአካባቢው ሰዎች ውሃ አፍስሰውበት ‹ታጥቧል፣ እለፍ› አሉኝ። ስገባበት ግን የኋላ ጎማዬ ሸሸ፣ ለጥቂት ከመንገድ ልወጣ ነበር። ነዳጅ ሲፈስ እንጠነቀቃለን፤ እንዲህ ያለ ያልተለመደ ነገር ሲያጋጥም ግን ምን ይደረጋል? ታጥቦስ ለምን ያንሸራትታል? መኪናውንስ በኋላ ምን ምኑን ልፈትሽ?»

ምላሽ፦

የኋላ ጎማዎ የሸሸው ሞላሰሱ ሳይታጠብ ስለቀረ አይደለም፤ በትንሽ ውሃ ስለታጠበ ነው። ሞላሰስ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ወፍራምና ጥቁር ጣፋጭ ተረፈ ምርት ነው፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ብዙ ውሃ በግፊት ቢለቀቅበት ተጠርጎ ይሄዳል። በጥቂት ጀሪካን ግን አይሄድም፤ ይቀጥንና ይሰፋል። ቀድሞ አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ፣ ጠቁሮ ከሩቅ ይታይ የነበረው ነገር መንገዱን ሙሉ ይይዛል፣ መልኩም ዝናብ የነካው አስፋልት ይመስላል። አሽከርካሪው አምኖት ይገባበታል። ሒሳቡን ይመልከቱት፦ 20 ሊትር ፈሳሽ በአንድ አስረኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢዘረጋ 200 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሰባት ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ላይ ይህ ከዳር እስከ ዳር 28 ሜትር ያህል ርዝመት ነው። የአንድ ጀሪካን ነገር ነው ይህ፤ ቦቴው የሚጭነው ደግሞ በሺህ ሊትር ይቆጠራል።

ጎማ መንገድ የሚይዘው ላስቲኩ የአስፋልቱን ሻካራ ጠጠር ሲነክስ ነው። በመሀል ስስ ቅባት ሲገባ ንክሻው ይጠፋል። የደረቅ አስፋልት የመያዝ አቅም (በፊዚክስ የሰበቃ መጠን የሚባለው) 0.7 አካባቢ ነው ብንል፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ 20 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ቅባቱ አቅሙን ወደ 0.2 ካወረደው ያው መኪና 70 ሜትር ይፈልጋል። እግር ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ባለችው ሰከንድ ተኩል የሚታለፈው 25 ሜትር ገና አልተቆጠረም። ፍጥነቱ 30 ከነበረ ግን ያው ቅባት ላይ 18 ሜትር ይበቃል። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የማቆሚያው ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከማንኛውም የመሪ ብልሃት በላይ የሚያድነው ይህ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመጣ፣ የፈሰሰው ነገር ስሙ ብዙም አይጠቅምዎትም። ማወቅ ያለብዎት ጎማ ሥር ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን፣ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲደርቅ ደግሞ ምን እንደሚሆን ነው። በዓለም ላይ የታወቁት እንግዳ አደጋዎች ይህንኑ ያሳያሉ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ጁላይ 2017 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ዲፖ ቤይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፣ አውራ ጎዳና 101 ላይ ሀግፊሽ የተባለ እባብ መሳይ ዓሣ የጫነ መኪና ለመንገድ ሥራ በቆሙ መኪናዎች አጠገብ ጭነቱን ደፋ። ወደ ኮርያ ሊላክ የነበረ 3,400 ኪሎ ያህል ዓሣ በ13 ታንኮች ተጭኖ ነበር። ይህ ዓሣ ሲደነግጥ ልጋግ ይለቃል፤ ልጋጉም በጣም ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች ስላሉበት ውሃ ሲያገኝ በሰከንድ ክፋይ ውስጥ በብዙ ሺህ እጥፍ ያብጣል። መንገዱ በነጭ ዝልግልግ ተሸፈነ፣ አንዲት የቤት መኪና ፊቷ ሙሉ በሙሉ ተዋጠ። እዚያ የመጡት ሰዎች ቱቦና ዶዘር ይዘው ነበር። የሚያብጥን ነገር በቱቦ ብቻ ማባረር እንደማይቻል ልብ ይበሉ፤ ክምሩን ዶዘሩ ገፍቶ ካወጣው በኋላ ነው ውሃው ሥራ የሚሠራው።

ፖላንድ ውስጥ ሜይ 2018 የሆነው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ስሉፕጻ ከተማ አቅራቢያ በሚያልፈው ኤ2 አውራ ጎዳና ላይ ፈሳሽ ቸኮሌት የጫነ ቦቴ ተገልብጦ 12 ቶን ያህል ቸኮሌት የሁለቱንም አቅጣጫ መስመሮች ሸፈነ። ቸኮሌት በቦቴ የሚጓዘው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ተጠብቆ ነው፤ አስፋልት ላይ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ቀዝቃዛ ውሃ ይበልጥ ያረጋዋል። ስለዚህ ሙቅ ውሃ በግፊት ያስፈልጋል፣ ይህም ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው። የዚህ ነገር ቅርብ ዘመድ እኛ ዘንድ የፓልም ዘይት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በብርድ ጠዋት ጀሪካን ውስጥ ሲረጋ ያላየ ቤተሰብ የለም። ጀሪካኖች ከመኪና ወድቀው ቢፈነዱ ዘይቱ ደብረ ብርሃን ወይም ጣርማበር ላይ በብርዱ ይረጋል፣ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል። ጠዋት «ደርቋል» ተብሎ የተተወው ቦታ እኩለ ቀን ላይ መኪና ያንሸራትታል ማለት ነው። ለእሱ መጀመሪያ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ፣ ከዚያ መፋቅ፣ በመጨረሻ ሙቅ ውሃ ከፈሳሽ ሳሙና ጋር።

ኦገስት 2022 ካሊፎርኒያ፣ ቫካቪል ከተማ ላይ ቲማቲም የጫነ ትልቅ መኪና ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጭቶ 150,000 የሚገመት ቲማቲም ኢንተርስቴት 80 ላይ ተረጨ፤ ቦታ ቦታው ላይ ጉልበት ድረስ ተከምሮ ነበር። መኪናዎች ተጋጩ፣ ሰዎች ተጎዱ። ቲማቲም ጎማ ሲጨፈልቀው ቆዳው፣ ፍሬውና ጭማቂው ለየብቻ ይሠራሉ፦ ጭማቂው ያንሸራትታል፣ ቆዳው በጎማውና በአስፋልቱ መሀል እንደ ወረቀት ይገባል። ከመርካቶ ወይም ከአትክልት ተራ ከወጣ መኪና ላይ የሚወድቅ ሙዝ፣ አቮካዶና ብርቱካንም ከዚህ አይለይም፤ ብዛቱ ነው የሚለየው።

እህል ሌላ ባሕርይ አለው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ በቆሎ ደረቅ ሆኖ ሲፈስ ጎማ ሥር ይንከባለላል፤ ያልተቀጠቀጠው ፍሬ ኩሽኔታ ውስጥ እንዳለ ብረት ኳስ ነው። እርስዎ እህል ጫኝ ስለሆኑ ይህን ያስቡበት፦ ቀዳዳ ጆንያ መታጠፊያ ላይ የሚያንጠባጥበው አንድ ኪሎ ሽምብራ ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅ መውደቂያ ነው። እህል በውሃ አይታጠብም። ሲረጥብ ሊጥ ይሆናል፣ ያኔ ማንከባለሉ ቀርቶ ማንሸራተት ይጀምራል። በደረቁ በመጥረጊያ ይወገዳል። ገለባና ጭድ ደግሞ ከሥር ተጠምጥሞ የጋለ ማርሚታ ላይ ያርፋል፣ ያቃጥላል፤ ገለባ ላይ ካለፉ ብዙ ሳይርቁ ቆመው ከሥር ይመልከቱ።

ሲሚንቶና ኖራ ላይ ለየት ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው በኃይል ይግላል፣ ዓይን ያሳውራል። በደረቁ በአካፋ ይሰበሰባል፣ ውሃ አይደረግበትም። ሲሚንቶ አስፋልት ላይ ውሃ ካገኘ በሰዓታት ውስጥ ይጠጥራል፣ መንገዱ ላይም መኪናው ላይም። የተረጨበት መኪና በደረቁ አይወለወልም፣ ቀለሙን ይፍቀዋል፤ በብዙ ውሃ ወዲያው ይታጠባል። ልዩነቱን ያስተውሉ፦ መኪናው ላይ ያለው ስስ ብናኝ በብዙ ውሃ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ያለው ክምር ግን መጀመሪያ በአካፋ ይነሣል።

ንብም መንገድ ላይ ይፈሳል። ኦገስት 2023 ካናዳ፣ በርሊንግተን ከተማ ላይ ከመኪና የወደቁ ቀፎዎች አምስት ሚሊዮን የሚገመት ንብ ለቀቁ። ፖሊስ ለአሽከርካሪዎች ያስተላለፈው መመሪያ መስኮት እንዲዘጉ ነበር፤ የቀረውን ንብ አናቢዎች ሠሩት። እርስዎም ቢያጋጥምዎ መስኮትና የአየር ማስገቢያውን ዘግተው በቀስታ ይለፉ። ጭስ፣ ውሃ ወይም ጥሩምባ አይሞክሩ። ንብ አናቢ ተጠርቶ ቀፎው ከተስተካከለ ንቡ ሲመሽ ንግሥቲቱ ወዳለችበት ይሰበሰባል።

አሁን ሞላሰሱን እንዴት ማንሣት እንደነበረባቸው ልንገርዎ፤ ወረዳም ሆነ የመንገድ ጥገና ቡድን የሚጠቀምበት ይሆናል። መጀመሪያ ቀዳዳው ይደፈናል፣ መንገዱ በአንድ በኩል ይዘጋል። በዝቅተኛው ጎን፣ ከቦይ በፊት፣ ስንዝር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ይሠራል። ይህን መዝለል ቀላል ስሕተት አይደለም። ሞላሰስ መርዝ አይደለም፣ ከብትም ይመገበዋል፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ግን የሚያብላሉት ጥቃቅን ሕዋሳት የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ሴፕቴምበር 2013 ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ወደብ ላይ ከተቀደደ ቱቦ 1,400 ቶን ያህል ሞላሰስ ባሕር ገብቶ ከ25,000 በላይ ዓሣ ገድሏል። አዋሽ አጠገብ ሆኖ ሞላሰስ ወደ ቦይ የሚለቅ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ግድቡ ከቆመ በኋላ ደረቅ አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር በሁለት ጣት ውፍረት ይበተናል፣ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ በአካፋ ወይም በሎደር ይፋቃል። አንዴ አይበቃም፤ ሁለተኛ ዙር ይደገማል። አስፋልቱ ተፍቆ ቡናማ እድፍ ብቻ ሲቀር ነው የውሃ ቦቴ የሚጠራው፣ ቢቻል ለብ ያለ ውሃ፣ በግፊት፣ ከከፍተኛው ጎን ወደ ዝቅተኛው። በመጨረሻ አሸዋው ራሱ ይጠረጋል፤ የተረሳ አሸዋ ለባለ ሁለት እግር ሌላ አደጋ ነው። መንገዱ ከመከፈቱ በፊት በጫማ ሶል ተጭኖ መግፋት ነው፤ ሶሉ ከተንሸራተተ ጎማም ይንሸራተታል። «ታጥቧል» ያለዎት ሰው ይህን ቢሞክር ኖሮ አያሳልፍዎትም ነበር።

ሞላሰስ ቦቴ ለምን እንደሚገለበጥም ማወቅ ይጠቅማል፣ ከኋላው ሲሄዱ ርቀት እንዲጠብቁ። አንድ ሊትር ሞላሰስ 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ክብደቱ ከተፈቀደው እንዳያልፍ ቦቴው ሙሉ በሙሉ አይሞላም፤ ባዶ የቀረው ቦታ ፈሳሹ እንዲንቀሳቀስ ዕድል ይሰጠዋል። ወተትና ሌላ ምግብ የሚጭኑ ቦቴዎች ብዙዎቹ ለማጠብ እንዲመቹ ተብሎ በውስጣቸው መከፋፈያ የላቸውም። መታጠፊያ ላይ ፈሳሹ ወደ ውጭ ጎን ይሄድና መኪናውን ይዞት ይወድቃል፤ ሲያቆሙ ደግሞ ወደፊት መጥቶ ይገፋል።

ናፍታን ለብቻው ላንሣው፣ ምክንያቱም የተለመደ መስሎ ከሁሉም በላይ የሚያታልለው እሱ ነው። ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ናፍታ አይተንም። በውሃም አይሟሟም፣ ተንሳፍፎ ይሰፋል። ከዚህም ሌላ አስፋልቱን ያያያዘውን ሬንጅ ያሟሟዋል፣ ቦታው ለስልሶ ይቀራል፣ ለቀናት ከደረቀ በኋላ የመጀመሪያው ካፊያ ሲመጣ እንደገና ያንሸራትታል። ምልክቱ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለምና ሽታው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው አደባባይና ዳገታማ መታጠፊያ ላይ ነው፤ ታንክ ጢም ብሎ ተሞልቶ ክዳኑ በጨርቅ ወይም በፌስታል የተወተፈ መኪና እዚያ ሲያጋድል ይደፋል። ክዳን ይግዙ። ለፈሰሰው ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ ተበትኖ በሻካራ መጥረጊያ ይታሻል፣ ይጠረጋል፣ ይደገማል፣ ከዚያ ሳሙና። ሰጋቱራ ቤንዚንና አሲድ ላይ አይደረግም፤ እንደ ናይትሪክ ያለ አሲድ ሰጋቱራን ሊያቀጣጥል ይችላል።

ቤንዚን የጫነ ቦቴ ከተገለበጠ ግን የማጽዳት ጥያቄ የለም፤ መራቅ ብቻ ነው። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ በቦይና በጎድጓዳ ቦታ ተኝቶ ይሄዳል፣ ሩቅ ያለ የሞተር ሳይክል ብልጭታ ይበቃዋል። ጁን 2017 ፓኪስታን ባሃዋልፑር አውራጃ ከ200 በላይ፣ ኦገስት 2019 ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ወደ 100፣ ኦክቶበር 2024 ናይጄሪያ ጂጋዋ ግዛት ከ150 በላይ ሰዎች ያለቁት ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሊቀዱ ተሰብስበው ሳለ ነው። ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ ሰው ካዩ ይጩሁበት፣ ይመልሱት፤ ልጆች ከሆኑ ደግሞ ይጎትቷቸው። ቦቴው ላይ ብርቱካናማ ሰሌዳ ካለ ከሩቅ ያንብቡት፦ የታችኛው ቁጥር 1203 ቤንዚን፣ 1202 ናፍታ፣ 1075 ቡታ ጋዝ፣ 1830 ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከላይኛው ቁጥር ፊት ኤክስ ፊደል ካለ ጭነቱ ውሃ ሲነካው አደገኛ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን ለሚደውሉለት ይንገሩ፤ አዲስ አበባ ላይ እሳት አደጋ 939፣ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907።

እርስዎ መሪ ላይ ሆነው ሲያጋጥምዎ እንዲህ ያድርጉ። ዝናብ ሳይኖር የጠቆረ ወይም የሚያብረቀርቅ ሰፈፍ፣ ከፊት የሚወዛወዝ መኪና፣ እንግዳ ሽታ ካለ ገና ደረቁ ላይ ሳሉ ፍሬን ይያዙ፣ ማርሽ ይቀንሱ። ማቆም ከቻሉ ያቁሙ፤ ማለፍ ግዴታ ከሆነ በእግረኛ ፍጥነት ይግቡ። ውስጡ ከገቡ በኋላ የነዳጅ ፔዳሉን በቀስታ ይልቀቁ፣ መሪ ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ማርሽ አይቀይሩ፣ ፍሪሲዮን በድንገት አይልቀቁ። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ የፍሬን ሥርዓት) ያለው መኪና ላይ ፍሬን ተጭኖ መያዝ ነው፤ ከሌለው ጫን ለቀቅ እያሉ። በጭስ ማፈኛ የሚሠራውን የሞተር ፍሬን ቅባት ላይ አይጠቀሙ። እሱ የሚይዘው የሚገፉትን የኋላ ጎማዎች ብቻ ስለሆነ እነሱ ሲቆለፉ የኋላው አካል ይዞራል፤ ተሳቢ ያለው መኪና ደግሞ እንደ ሴንጢ ይታጠፋል። ከኋላ ሸሽቶ ከሆነ እግርዎን ከፍሬን ያንሡ፣ ዓይንዎ መሄድ የሚፈልጉበት ቦታ ላይ ይሁን፣ መሪውን ኋላው ወደሸሸበት ጎን በትንሹ ያዙሩ፣ መኪናው መልሶ ሲይዝ ቶሎ ያቅኑት። ከወጡም በኋላ ጎማው ቅባቱን ይዞ ይሄዳል፤ ለጥቂት መቶ ሜትሮች ቀስ ብለው ፍሬኑን ደጋግመው ይሞክሩ።

ካቆሙ ከፈሰሰው ነገር ርቀው፣ ከመንገድ ወጥተው፣ ነዳጅ ከሆነ ደግሞ በከፍታው በኩል ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው ይሁን። አራቱን ፍሬቻ ያብሩ፣ ማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ያኑሩ። በአሜሪካ የጭነት መኪና ለሚነዱ ወገኖች ሕጉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሦስት ማዕዘን እንዲቀመጥ ያዛል፦ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ አንዱ መኪናው አጠገብ ሦስት ሜትር ላይ፣ ሌሎቹ ከፊትና ከኋላ 30 ሜትር ገደማ ላይ፤ መታጠፊያ ወይም ጉብታ ካለ እስከ 150 ሜትር ይርቃል። እዚህ አገር በተለምዶ ቅጠልና ድንጋይ ይቀመጣል። ቅጠሉ ጥሩ ነው፣ ድንጋዩን ግን ሲሄዱ ያንሡት፤ ማታ የሚመጣ ሰው መብራቱ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ የሚያቆምበት ርቀት የለውም።

ለመኪናው፦ በዚያው ቀን ላቫጆ ያስገቡት፣ ሞላሰስ ከደረቀ ይከብዳል፣ እርጥበት ስቦም ብረት ያስዝጋል። ለብ ባለ ውሃ የጎማ ቤት፣ የሻንሲ ጥጎች፣ የፍሬን ቱቦዎች ይታጠቡ፤ የግፊት ውሃውን ግን ኩሽኔታ መዝጊያ ጎማዎች ላይ በቅርበት አያዙሩት፣ ግራሶውን ያወጣል። ራዲያተር ክንፎች መሀል ገለባ ወይም ፈሳሽ ከገባ ከሞተር በኩል ወደ ውጭ ይንፉት፣ የሙቀት መለኪያውንም ለአንድ ጉዞ ይከታተሉ። ብናኝ ውስጥ አልፈው ከነበረ የአየር ፊልትሮ ይውጣ። የእጅ ፍሬን ገመድ መንሸራተቻው በሞላሰስ ከተያዘ አይለቅም፤ ሳይጭኑ ይሞክሩት። የፍሬን ታምቡር ይከፈትና ሸራው ይታይ። ሞላሰስ ብቻ ከሆነ በውሃ ይጠራል። ናፍታ ወይም ዘይት የጠጣ ሸራ ግን ታጥቦም ሆነ በእሳት ደርቆ አይመለስም፤ ሲግል የጠጣውን መልሶ ይተፋል። ይለወጣል፣ የአንድ ጎማ ብቻ ሳይሆን የዚያው አክስል የሁለቱም፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትዎታል።